መካኒክ፦ እኔ

በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላው በዲሴምበር 1933 ሲነሳ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ በቨርጂኒያና በጆርጂያ ተራሮች አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ሥራቸውን አላቆሙም። መጠጡ ቢፈቀድም ቀረጡ አልቀረም፤ እነሱም ቀረጥ ላለመክፈል እንደ ቀድሞው ሌሊት ያወጣሉ፣ ሌሊት ይጭናሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚጭኑበት መኪና ከውጭ ሲያዩት የማንም ገበሬ መኪና መምሰል ነበረበት። ፎርድ በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ለተራ ሰው በሚቀመስ ዋጋ አውጥቶ ስለነበር የተመረጠው እሱ ሆነ። ጭነቱ የኋላውን አጉብጦ ፖሊስን እንዳያስጠረጥር ባሌስትራው ይጠነክራል፤ ሞተሩ ይፈታል፣ ይሞረዳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ቀለሙ ግን አይነካም። ኮፈኑ ሲዘጋ ምንም የተደረገ አይመስልም።

እንዲህ ያለ መኪና ያላቸው ሁለት ሰዎች ሲገናኙ “የማን ይፈጥናል?” መባሉ አይቀርም። እሑድ ከሰዓት በአንዱ ማሳ ላይ ክብ መንገድ ይጠረጋል፣ ሰዉ በአጥሩ ዙሪያ ይቆማል፣ ገንዘብ ይዋጣል። ገንዘቡ ሁልጊዜ ለአሸናፊው አይደርስም ነበር፤ ውድድሩ ሳያልቅ ካዝናውን ይዘው የሚሰወሩ አዘጋጆች ሞልተው ነበርና። በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች ቤንዚን ማደያ የነበረው መካኒኩ ቢል ፍራንስ ይህን ሁሉ ከውስጥ ያውቀዋል፤ በማርች 1936 እዚያው ባሕር ዳር በአሸዋና በአስፋልት ላይ በተደረገው ውድድር ራሱ ነድቶ አምስተኛ ወጥቷል። በዲሴምበር 14 ቀን 1947 ነጂዎችን፣ የመኪና ባለቤቶችንና አዘጋጆችን ስትሪምላይን በሚባለው ሆቴል ሰበሰበ። ናስካር የሚባለው ማኅበር የወጣው ከዚያ ስብሰባ ነው።

ፍራንስ የገባው አንድ ቁም ነገር ነበር፤ ተመልካቹ ሲሮጥ ማየት የሚፈልገው ራሱ ደጅ ላይ የቆመውን መኪና ነው። ስለዚህ በጁን 19 ቀን 1949 በሻርሎት የአፈር ሜዳ ላይ ለተጠራው ውድድር ደንቡ አጭር ሆነ፦ መኪናው ከመሸጫው እንደወጣ ይምጣ፤ “ስቶክ ካር” ማለት ይኸው ነው። 33 መኪኖች መጡ። ከካንሳስ የመጣው ጂም ሮፐር ስለ ውድድሩ ያነበበው በጋዜጣ ከሚወጣ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ላይ ነበር፤ ያንን አምኖ በሊንከን መኪና ያን ሁሉ መንገድ መጣ። ከ200 ዙር በኋላ መስመሩን ቀድሞ ያለፈው ግሌን ደናዌይ ነበር፤ የነዳው የ1947 ፎርድ ነው። ከዚያ መርማሪው ጎንበስ ብሎ የፎርዱን የኋላ እግር አየ። ባሌስትራው ፋብሪካ የሠራው አልነበረም፤ መኪናው አረቄ ያመላልስ የነበረ ነው። የደናዌይ ውጤት ተሰርዞ ድሉ ለሮፐር ተሰጠ። የፎርዱ ባለቤት ማኅበሩን ፍርድ ቤት አቆመ፤ ዳኛው ክሱን ጣለው። ስቶክ ካር እንግዲህ ከመጀመሪያ ቀኑ ጀምሮ ደንብ ጻፊውና ከደንቡ ሥር የሚሾልከው ሰው የሚፈላለጉበት ጨዋታ ነው። የሚገርመው፣ መኪናው ወደ መዳፍ ልክ ሲያንስም ይህ ጠባዩ አብሮት መሄዱ ነው።

ያነሰው ደግሞ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ነው። በ1954 በሳውዝፖርት ከተማ የሞዴል ኢንጂነሪንግ ማኅበር አባላት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ትንንሽ መኪኖችን በሐዲድ ላይ ማወዳደር ጀመሩ። ሐዲዱ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ለዓይን አይጥምም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐዲዱ ቀርቶ በቦታው ጠባብ ቦይ ተፈለፈለ። ከመኪናው አፍንጫ ሥር የተንጠለጠለች የፕላስቲክ ምላስ ቦዩ ውስጥ ገብታ መንገድ ታስይዛለች። ከቦዩ ግራና ቀኝ የተነጠፉ ሁለት የብረት መስመሮች ኮረንቲ ይሰጣሉ። መሪ የለም፤ ፍሬን የሚረገጥበት እግርም የለም። ነጂው በእጁ የያዘው አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው፤ ሲጫነው ኮረንቲው ይጨምራል፣ ሲለቀው ይቀንሳል፣ ከመጠን በላይ ሲጫነው መኪናው ከቦዩ ወጥቶ ይበራል። ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ መጫወቻ ሠሪ፣ በመጠምዘዣ የሚሄዱ የቆርቆሮ መኪኖች ይሸጥ የነበረ ሰው፣ ለነዚያው መኪኖቹ ሞተር አበጀላቸውና በጃንዋሪ 1957 በሃሮጌት የመጫወቻ ትርዒት ላይ ስኬልክስትሪክ ብሎ አቀረባቸው። መኪኖቹ ማዜራቲና ፌራሪ ነበሩ። 

አሜሪካኖች ሲቀበሉት ግን በራሳቸው መኪና አደረጉት። በዲትሮይት አቅራቢያ ትሮይ የነበረው ኤ.ኤም.ቲ. የተባለ ኩባንያ የየዓመቱን አዳዲስ መኪኖች ከእውነተኛው 25 ጊዜ አሳንሶ በፕላስቲክ ያወጣ ነበር፤ መኪና ሻጮች ለደንበኛ ያድሉታል፣ ልጆች ደግሞ ተፈታትቶ በካርቶን የሚሸጠውን ገዝተው ይገጣጥሙታል። ቦዲው አለ ማለት ነው፤ የቀረው ከሥሩ ሞተር ማስገባት ነበር። ማቡቺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ትንንሽ ሞተሮችን በርካሽ ሲያጥለቀልቅ ያም ተሟላ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በየከተማው የስሎት ካር (በቦይ የሚሄድ መኪና) ማወዳደሪያ ቤቶች ተከፈቱ፣ ቁጥራቸውም በሺዎች ሆነ። ስምንት ቦይ ያለው፣ እንደ አዳራሹ የሚረዝም የእንጨት ትራክ ይተከላል፤ ቦዮቹ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊና ጥቁር ተብለው በቀለም ይለያሉ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪናውን በሣጥን ይዞ ይመጣል፣ ለሰዓት ይከፍላል፣ ይነዳል።

ልጆቹ በዚህ ሲጫወቱ፣ በእውነተኛው ሜዳ ላይ ሁሉንም ነገር ለብቻው የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ዌንዴል ስኮት በ1921 በቨርጂኒያ፣ ዳንቪል ተወለደ። ታክሲ ነድቷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጦሩ ውስጥ ተሽከርካሪ ጠግኗል፤ ሲመለስ ጋራዥ ከፈተ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ አረቄ አመላለሰ። በ1952 የዳንቪል ውድድር አዘጋጆች ተመልካች ለመሳብ ጥቁር ነጂ ፈለጉና ፖሊስን ጠየቁ፦ በፍጥነቱ የምታውቁት ጥቁር ነጂ ማን አለ? ፖሊሶቹ ሳያመነቱ የስኮትን ስም ሰጡ። ሲያባርሩት ከርመዋልና ከነሱ የተሻለ መስካሪ አልነበረም።

ስኮት በ1961 ወደ ናስካር ትልቁ ደረጃ ገባ። ሌሎቹ ከፋብሪካ ሞተርና ገንዘብ ይላክላቸዋል፤ እሱ ሌሎች የጣሉትን ጎማ ይሰበስባል፣ ያረጀ ዕቃ ይገዛል፣ ልጆቹን ይዞ ይሠራል። በአንዳንድ መኪኖቹ ጎን ላይ፣ ሌሎች የመካኒካቸውን ስም በሚጽፉበት ቦታ፣ በእጅ ጽሑፍ “መካኒክ፦ እኔ” የሚል ነበረበት። ቀልድ ነው፤ እውነትም ነው።

ዲሴምበር 1 ቀን 1963 በጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ፣ በግማሽ ማይል የአፈር ሜዳ ላይ 34 ቁጥር ሼቭሮሌቱን ይዞ ቀረበ፤ ከነጂው ኔድ ጃሬት የገዛው የ1962 ቤል ኤር ነበር። አፈሩ ተቦዳድሶ የብዙውን መኪና እግር ሰብሯል። 25 ዙር ያህል ሲቀር ሪቻርድ ፔቲን አልፎ መራ። ሰንደቁን ለማየት ወደ መስመሩ መጣ፤ ሰንደቁ አልተውለበለበም። ሌላ ዙር ዞረ፤ አሁንም የለም። ውሎ አድሮ ሰንደቁ የወረደው ለባክ ቤከር ሆነና ዋንጫው ለሱ ተሰጠ። ስኮት ተቃወመ፣ ቁጥር ይታይልኝ አለ። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ዳኞቹ ዙሩን ቆጥረው ስኮት በሁለት ዙር ቀድሞ ማሸነፉን አመኑ። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ ቤቱ ገብቷል፣ ቤከርም ዋንጫውን ይዞ ሄዷል። ዋንጫ የምታስረክበው ነጭ ቆንጆ ጥቁር አሸናፊን በሕዝብ ፊት እንዳትስም ተፈልጎ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። የቆጠራ ስህተት ነው የሚለው መልስ እኔን አያሳምነኝም፤ ሁለት ዙር ሙሉ ማይል ነው፣ ሙሉ ማይል ደግሞ ከዓይን አያመልጥም።

ስቶክ ካር የሚለው ስም በዚህ ጊዜ ትርጉሙን እያጣ ነበር። በ1964 በሻርሎት ነጂው ፋየርቦል ሮበርትስ በእሳት ተቃጥሎ ከሞተ በኋላ የነዳጅ ታንክና የጎማ ደንቡ ይጠብቅ ጀመር፤ ይህ የሚያከራክር አልነበረም። የሚያከራክረው ደንቡ ዝም ባለበት የሚገባው ብልሃትና የመኪናው መልክ ነው። የዴይቶናው መካኒክ ስሞኪ ዩኒክ፣ የታንኩ መጠን በደንብ ሲወሰንበት፣ ስለ ቱቦው ምንም አልተጻፈም ብሎ ቱቦውን እጅግ አርዝሞና አወፍሮ ነዳጅ ማጠራቀሚያ አደረገው ይባላል። በኦገስት 1966 ደግሞ ጁኒየር ጆንሰን፣ በወጣትነቱ በአረቄ ምክንያት ታስሮ የነበረው ሰው፣ ለነጂው ፍሬድ ሎሬንዘን ያዘጋጀውን ቢጫ ፎርድ ጋላክሲ አትላንታ ላይ አቀረበ። አፍንጫው ወደ መሬት ወርዷል፣ ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ብሏል፣ ጅራቱ ወደ ላይ ተቀልብሷል። ያየው ሁሉ “ቢጫዋ ሙዝ” አላት። ፎርድ በዚያ ዓመት አኩርፎ ወጥቶ ስለነበር፣ ተመልካችም ስለቀነሰ፣ መርማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው አሳለፏት። ከዚያ በኋላ ግን ናስካር የየመኪናውን ቅርጽ በላሜራ ቆርጦ፣ ቦዲው ላይ እያስቀመጠ መለካት ጀመረ።

በስሎት ካር ቤቶችም ያው መጣ፣ ለዚያውም ባሰ። ጎበዞቹ የሞተሩን ሽቦ ፈትተው በወፍራም ሽቦ በጥቂት ዙር መጠቅለል ተማሩ፤ ሞተሩ ይግላል፣ ግን ይተኮሳል። ከባዱ የፕላስቲክ ቦዲ ተጥሎ፣ በሙቀት ተለስልሶ በቅርጽ ላይ የተሳበ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ገላጭ ፕላስቲክ መጣ፤ ቀለሙ ከውስጥ ይቀባል። ቀጥሎ ቦዲው መኪና መምሰሉንም ተወ። ማንም ፋብሪካ ሠርቶት የማያውቅ፣ ከመሬት የተጣበቀ ሽብልቅ ነገር ብቻ ቀረ። አዲስ የመጣ ልጅ ገና የገዛትን ፎርድ ቦዩ ውስጥ ሲያስቀምጥ አምስት ሽብልቅ በጎኑ ያፏጫሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ሌላም ምክንያት ይኖራል፤ ለእኔ ግን ዋናው ይህ ነው። ከ1967 በኋላ ቤቶቹ በፍጥነት ተዘጉ፣ ብዙዎቹ ትራኮችም ተቆርጠው ተጣሉ።

ስኮት እስከ 1973 ነዳ። በዚያ ዓመት ታላዴጋ ላይ በደረሰው የብዙ መኪኖች ግጭት ክፉኛ ተጎድቶ ሥራውን ለማቆም ተገደደ፤ በ1990 አረፈ። በትልቁ ደረጃ 495 ጊዜ ተነሥቶ ያሸነፈው ያቺኑ አንዲት ውድድር ነው። ወደ ናስካር የዝና አዳራሽ በ2015 ገባ። የጃክሰንቪሉ ዋንጫ ለቤተሰቡ በይፋ የተሰጠው በኦገስት 2021 ነበር።

የስሎት ካር ቤቶቹ ከተዘጉ በኋላ ባሉት ዓመታት በሣጥን የቀረችውን መኪና የሚያወጡ ሰዎች ብቅ አሉ። ያደጉት በ1960ዎቹ ነው፤ ጡረታ የወጡም አሉባቸው። ከየምድር ቤታቸው የእንጨት ትራክ ሠሩ፣ ደንብም ጻፉ፦ ቦዲው እውነተኛ ይሁን፣ መኪናው በዘመኑ የሮጠ ይሁን፣ ጎማው ከክንፉ አይውጣ። የጥንት ስቶክ ካር የሚባለው ምድብ እንዲህ ተወለደ፤ በአሜሪካ ክለቦች ዛሬም ብዙ ሰው የሚለፋበት እሱ ነው።

የስኮትን 34 ቁጥር ለመሥራት የተነሣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በማፍረስ ነው። የ1962 ቤል ኤር ሞዴል ቦዲ ከካርቶኑ ሲወጣ መሸጫ ደጅ ላይ የቆመውን መኪና ነው የሚመስለው፤ የሚያብረቀርቅ ጌጥ፣ የቸርኬ ክዳን፣ መብራት ሁሉ አለው። ለውድድር ሲዘጋጅ እነዚህ ይወልቃሉ። የፊት መብራቶቹ ቦታ በክብ ላሜራ ይደፈናል፤ በሞዴሉ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ተቆርጦ በኮላ ይለጠፍና ጠርዙ በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በመስኮቱ ላይ መረብ ማድረግ ግን ነውር ነው፤ መረቡ የመጣው ሪቻርድ ፔቲ በ1970 ዳርሊንግተን ላይ ተገልብጦ እጁና ጭንቅላቱ በመስኮት ሲወጣ ከታየ በኋላ ነው። የ1963 መኪና ላይ መረብ የሰቀለ ሰው በክለቡ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይቀለድበታል።

ከዚያ ሻሲው። የእውነተኛው ቤል ኤር ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 3 ሜትር ከ2 ሳንቲም ያህል ነው፤ ለ25 ሲካፈል 12 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሠሪው ይህን በእንጨት ጣውላ ላይ በእርሳስ ያሰምራል፣ ምስማር እየመታ ክፍሎቹን ያስይዛል። መሐሉ የነሐስ ላሜራ ነው፤ ጎንና ጎኑ ለፒያኖ አውታር የሚሆን ጠንካራ የብረት ሽቦ። ሁለቱ በሊድ ይበየዳሉ። ነሐሱ ቶሎ ስለሚግል ሊዱን ይጠጣል፤ ብረቱ ግን መጀመሪያ ካልተፋቀና ካልጸዳ ያንሸራትተዋል፣ ብየዳው የያዘ ይመስልና በመጀመሪያው ግጭት ይለቃል። ሞተሩ በርዝመቱ ከኋላ አክስል ፊት ይተኛል። በዘንጉ ላይ ባለ 9 ጥርስ ትንሽ ማርሽ፣ በአክስሉ ላይ ባለ 27 ጥርስ ዘውድ የመሰለ ማርሽ ይገጠማል፤ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ማለት ነው። ሁለቱ ጥርሶች ከተጣበቁ ያጉረመርማሉ፣ ከተራራቁ ይበላላሉ። ልኩን ለማግኘት በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብቶ ማጥበቅና ወረቀቱን ስቦ ማውጣት ይበቃል። አክስሉ በኩሽኔታ ይዞራል፤ የግራና ቀኝ ጨዋታው በቀጫጭን ሮንዴላ ይወሰናል።

ጎማ ላይ ሲደርስ የሥራው ጠባይ ይቀየራል። የኋላዎቹ ለስላሳ መሆን አለባቸው፤ ቸርኬው ላይ ተለጥፈው፣ በሞተር እየዞሩ፣ ፍጹም ክብ እስኪሆኑ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳሉ። የፊተኞቹ ተቃራኒ ናቸው። መሬት ከያዙ መታጠፊያ ላይ መኪናውን ይገትሩታል፤ ስለዚህ የሚያንሸራትቱ መሆን አለባቸው። መፍትሔው የሚስት የመዋቢያ ሣጥን ውስጥ ነው፦ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም የፊት ጎማው ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይቀባል። የስኮት ዘመን መካኒኮች ይህን ያላሰቡት ትልቅ ጎማ ስለነበራቸው ብቻ ይመስለኛል።

ክብደት ከላይ ሲሆን መኪናው ይገለበጣል። ስለዚህ ቦዲው ከውስጥ፣ በተለይ ጣሪያው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይፋቃል፤ የተቀነሰው ክብደት በእርሳስ ቁራጭ ከሻሲው ወለል ላይ ይመለሳል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ለዚህ ብለው ቦዲውን ለብቻው የሚመዝኑ ክለቦች አሉ፤ ሠሪዎቹ ደግሞ የሚፈቀደውን ግራም እስከ ጫፉ ይጠቀሙበታል። ቦዲው ከሻሲው ጋር የሚያያዝበት ብሎን ጠብቆ አይታሰርም። ግማሽ ዙር ላላ ሲል ቦዲው ለብቻው ይንቀጠቀጣል፣ ንዝረቱም ወደ ጎማው አይወርድም። ይህችን ግማሽ ዙር የሚያውቅና የማያውቅ ሰው በአንድ ዓይነት መኪና በአንድ ትራክ ላይ ሲነዱ ልዩነታቸው ወዲያው ይታያል።

ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ አብዝቶ ማንጸባረቅ የለበትም። ቁጥሩን በማሽን ታትሞ የሚለጠፍ አድርጎ መግዛት ይቻላል፤ የስኮት መኪና ግን የእጅ ሥራ ስለሆነ ቀጥ ያለ ቁጥር ውሸት ይመስላል። ጥሩ ሠሪ 34ን በቀጭን ብሩሽ ይጽፈዋል፣ ትንሽ ሲጣመምም አይደልዘውም። “መካኒክ፦ እኔ” የምትለው ጽሑፍ ከስኮት መኪኖች በየትኛው ላይ በየትኛው ጊዜ እንደነበረች ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ሞዴል ሠሪዎች ግን ያቺን መስመር ሳያስገቡ ማለፍ አይሆንላቸውም። ፊደሎቹ ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ። የሚጻፉት በማጉያ መነጽር፣ እስትንፋስ ተይዞ ነው፤ የሚገርመው፣ ሠሪው ከዚያ በኋላ መኪናዋን ከግድግዳ ጋር ሊያጋጫት መውሰዱ ነው።

በውድድሩ ቀን መጀመሪያ ምርመራ አለ። መኪናዋ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ትቀመጣለች፤ ከሥሯ ስስ ላሜራ ይሾልካል፣ ካላለፈ ወለሏ ዝቅ ብሏል። ስፋቷ በተቆረጠ በር ይለካል። ከዚያ 12 ቮልት ይለቀቃል። ነጂው ጣቱን ሲያነሣ መቆጣጠሪያው የሞተሩን ሁለት ጫፎች ያገናኛል፤ ሞተሩ ለአፍታ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ራሱን ይይዛል፣ ፍሬኑ ይህ ነው። 34 ቁጥር ረጅምና ከባድ መኪና ናት፤ ቀጥታው ላይ አትቸኩልም፣ መታጠፊያ ውስጥ ግን ጅራቷን ቀስ ብላ አውጥታ ትመልሳለች፣ ልክ አፈር ላይ እንዳሉት።

ዙሩን የሚቆጥረው ሰው አይደለም። መስመሩ ላይ ከቦዩ በላይ የማይታይ ብርሃን አለ፤ መኪናዋ ስታቋርጠው ኮምፒዩተሩ ቁጥር ይጨምራል፣ የሁሉም ቁጥር ግድግዳው ላይ ይበራል። ስምንቱም ነጂዎች በየተራ በስምንቱም ቦይ ይነዳሉ፣ የሁሉም ዙር ይደመራል። የመጨረሻው ደቂቃ ሲያልቅ ኮረንቲው ይቋረጥና መኪኖቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ውጤቱም በዚያው ቅጽበት ይነበባል።